ሞተር ሳይክልና የጉራጌ መንገድ፦ የማሻሻያው ታሪክና ዋጋው

በጉራጌ አገር መንገድ ከመኪና በፊት የነበረ፣ ሕግና ሥርዓት የወጣለት ነገር ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች ቤቶች ፊት ለፊት ተደርድረው ሲሠሩ በመካከላቸው የሚተወው ሰፊና ሣር የለበሰ ሥፍራ ጀፎረ ይባላል። ጀፎረ መተላለፊያ ብቻ አይደለም፤ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ሽማግሌዎች ለዳኝነት የሚቀመጡበት፣ ሠርግና ለቅሶ የሚከናወንበት የጋራ ሀብት ነው። አጥሩን ገፍቶ ጀፎረውን ያጠበበ ሰው በባህላዊው ሕግ ይጠየቃል። ይሁን እንጂ በመንደሩ ውስጥ ይህን ያህል ሰፊ መንገድ የነበረው ሕዝብ፣ ከመንደሩ ወጥቶ ገበያና ሐኪም ቤት የሚያደርሰውን መንገድ ለማግኘት ብዙ ዘመን መጠበቅና ከኪሱም መክፈል ግድ ሆኖበታል።

በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ የሚነዳው ሞተር ሳይክል ከፋብሪካው እንደ ወጣ የማይቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። ባለቤቱ የጭነት ብረት ያስበይድለታል፤ ጥርሱን ያስለውጣል፤ ሞላውን ያስጠነክራል፤ ከሞተሩ ሥር ላሜራ ያስገጥምለታል። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ማሻሻያ በአንድ በኩል የሚሰጠው ጥቅም እንዳለ ሁሉ በሌላ በኩል የሚወስደው ነገር አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የማሻሻያውን ታሪክ ባጭሩ ማስታወስና ዋጋውን በሒሳብ ማሳየት ነው።

ሀ. ደርሶ ያልደረሰው መንገድ

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. በተቋቋመ ጊዜ የመጀመሪያው ተግባሩ በጦርነትና በጥገና እጦት የተጎዱትን ዋና ዋና መንገዶች ማደስ ነበር። ለዚሁ ሥራ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1950 የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሰጥቷል። ከታደሱት መንገዶች አንዱ ወደ ጅማ የሚወስደው ሲሆን፣ ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በዚሁ መሥመር ላይ ትገኛለች። ቡታጅራ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ ሆሳዕናና ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወርደው መሥመር ላይ ናት። ሁለቱ መሥመሮች የሚለያዩት ገና ዓለም ገና ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት በመካከላቸው ይቆማል።

ወደ ውስጥ የሚገባውን መንገድ ግን መንግሥት ብቻውን አልሠራውም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የአካባቢው ተወላጆች በማኅበር ተደራጅተው፣ ገንዘብ አዋጥተውና ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር ተባብረው መንገድ ማስጠረግ ጀመሩ። ከእነዚህ ማኅበራት መካከል ከዓለም ገና እስከ ወላሞ ሶዶ ያለውን መንገድ ለማሠራት የተቋቋመው በተለይ የታወቀ ነው። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት ዋና ርእሰ ነገርም ይኸው ማኅበር ነበር። ከተማ የገባው ነጋዴና ሠራተኛ በየዓመቱ ለመስቀል ወደ ትውልድ መንደሩ የሚመለስ በመሆኑ፣ የመንገዱን ችግር በወሬ ሳይሆን በእግሩ ያውቀው ነበር። መስቀል የሚውለው ደግሞ ክረምቱ በወጣ ማግሥት፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ ነው።

ዛሬ ሁለቱ ከተሞች በአስፋልት ላይ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ በኋላም ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነዋል። ነገር ግን አውራ መንገድ ሲያልቅ ጉዞ አያልቅም። ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌው የሚገባው የመጨረሻው መንገድ በበጋ ቀይ አቧራ፣ በክረምት የሚያዳልጥ ጭቃ፣ በዳገቱ ላይም ተንከባላይ ድንጋይ ነው። መኪና ሊገባበት በማይችለው በዚህ ሥፍራ የእግረኛውና የጋማ ከብቱ ተተኪ ሆኖ የመጣው ሞተር ሳይክል ነው።

ለ. ሁለት ጠባይ ያለው መኪና

በአስፋልትም በጥርጊያም እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ሞተር ሳይክል በብዛት ለገበያ የቀረበው ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ 1 የተባለውን 250 ሲሲ ሞተር ካወጣ በኋላ ነው ለማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ከአስፋልት ለመውጣት የፈለገ ሰው የከተማውን ሞተር ሳይክል ራሱ ፈታትቶና አቅልሎ፣ መሪውን አስፍቶ፣ ጥርስ ያለው ጎማ አልብሶ ይነዳ ነበር። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ኤክስኤል 250ን፣ ያማሃም ጥቂት ቆይቶ ኤክስቲ 500ን አከታተሉ።

የሩቅ መንገድ ተጓዦች ግን ፋብሪካው በሰጣቸው አልረኩም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን ተነሥቶ ዓለምን ለመዞር ሲወጣና በሱዳን በኩል ኢትዮጵያን ሲያቋርጥ የነዳው 500 ሲሲ ትራያምፍ ለአስፋልት የተሠራ ሞተር ሳይክል ነበር። የፓሪስ–ዳካር ውድድር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1978 ሲጀመር ደግሞ የማሻሻያው ጥበብ በዓለም ፊት ተገለጠ። ተወዳዳሪዎቹ በረሃውን ለመሻገር ትልልቅ የነዳጅ ታንክ አሠሩ፤ ሞላውን አረዘሙ፤ የሞተሩን ሆድ በብረት ሸፈኑ። የመጀመሪያው አሸናፊ ሲሪል ኔቮ በኤክስቲ 500 ነበር የነዳው። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1983 በቢኤምደብልዩ ሞተር ሳይክል፣ በ1992 ደግሞ በመኪና ያሸነፈው ፈረንሳዊው ኡበር ኦሪዮል እ.ኤ.አ. በ1952 የተወለደው በአዲስ አበባ መሆኑ ለኢትዮጵያውያን አንባብያን መታወስ የሚገባው ነው።

ከዚህ ታሪክ ለመሐንዲስ የሚጠቅመው ዋናው ትምህርት ፋብሪካው ከተጠቃሚው ኋላ መከተሉ ነው። ተወዳዳሪዎች በእጃቸው ያሠሩት ትልቅ ታንክ እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው በያማሃ ኤክስቲ 600 ቴኔሬ ላይ 30 ሊትር ገደማ የሚይዝ መደበኛ ዕቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ደግሞ ሌላ ምሳሌ ነው። በሞተሩ ውስጥ የንዝረት ማመጣጠኛውን ሰንሰለት የሚወጥረው ትንሽ ዘንግ ሊሰበር እንደሚችል ባለቤቶቹ ተገነዘቡ፤ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ሌላ እያስገቡም ችግሩን ራሳቸው አቃለሉት።

ለገጠር ሥራ የታሰበው ያማሃ ኤጂ 100 በበኩሉ ማሻሻያው በፋብሪካ ተሠርቶለት የመጣ ነው። ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ በፊትም በኋላም የጭነት ብረት ያለው፣ የመሪው እጀታ በብረት የተከለለ፣ በግራም በቀኝም መቆሚያ የተገጠመለት ነው። በአፍሪካ በጤና፣ በግብርናና በእርዳታ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች ይህንና መሰሎቹን ለረጅም ጊዜ ተጠቅመውበታል። ዛሬ በጉራጌ ከተሞች የሚበዙት ግን ከህንድ የሚመጡት ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ ሞተር ሳይክሎች ናቸው። እነዚህ ዋጋቸው የሚቀመስ፣ መለዋወጫቸውም የሚገኝ ሲሆን፣ የተሠሩት በይበልጥ ለተስተካከለ መንገድ ነው። በመሆኑም እነርሱን ለዳገትና ለጭቃ የማዘጋጀቱ ሥራ በአገር ቤት ጋራዥ ላይ ወድቋል።

ሐ. የጋራዡ ቋንቋና ዕቃ

ሥራው በምን ቋንቋ እንደሚሠራ ማስተዋልም ከታሪኩ አንዱ ክፍል ነው። መካኒኩ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ ሲል የሚናገረው ከጣልያን ዘመን የቀረውን ቃል ነው። ብሎን ከፈረንሳይኛ ገብቷል። ብየዳ፣ ጥርስና መሪ ደግሞ የራሳችን ናቸው። የመኪናና የሞተር መለዋወጫ ምንጩ የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ሲሆን፣ የወደቀ ብረት እንደገና ነፍስ የሚዘራበት ሥፍራ ምናለሽ ተራ ነው። በመርካቶ ንግድ ውስጥ የጉራጌ ተወላጆች ያላቸው ድርሻ የታወቀ በመሆኑ፣ ብረቱም ሆነ የእጅ ሙያው ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚደርስበት መሥመር ከቤተ ዘመድ መሥመር ብዙ የራቀ አይደለም።

በከተሞቹ ውስጥ የበርና የመስኮት ፍሬም የሚሠራው በያጅ የሞተር ሳይክሉንም የጭነት ብረት የሚሠራ እርሱ ነው። የሚጠቀመው የበር ቱቦ፣ ፌሮና ላሜራ ነው። ንድፉ በወረቀት ላይ የለም፤ በዓይኑና በእጁ ውስጥ ነው። አንዱ የሠራው ሲሰበር ሌላው ወፈር አድርጎ ይሠራዋል። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው እውቀት ብዙ ሆኖ ሳለ፣ የሚተላለፈው ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ብቻ ስለሆነ፣ ስሕተቱም ከትምህርቱ ጋር አብሮ ይወረሳል።

መ. የማሻሻያው ሒሳብ

በመጀመሪያ የጥርሱን ነገር ብንወስድ፣ የፊተኛውን የሰንሰለት ጥርስ ከ15 ወደ 13 ያወረደ ሰው የኋላ ጎማው የሚስብበትን ኃይል 15 በመቶ ያህል ይጨምራል። የቆጮና የበርበሬ ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በአንጻሩ በዚያው የሞተር ዙር የሚሄድበት ፍጥነት 13 በመቶ ይቀንሳል። በአስፋልቱ ላይ ከሌሎች ጋር እኩል ልሂድ ያለ እንደ ሆነ ሞተሩን ማስጮህና ነዳጅ ማቃጠል ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ ሰንሰለቱ በትንሹ ጥርስ ላይ ይበልጥ ስለሚታጠፍ ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛው የጭነቱ ብረት ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ መካከል ድረስ 130 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞተር ሳይክል ይታሰብ። 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጆንያ የክብደቱ መሐል ከኋላው ጎማ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወጥቶ ቢታሰር፣ የኋላው ጎማ የሚሸከመው ተጨማሪ ክብደት 40 ሳይሆን 49 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ትርፉ 9 ኪሎ ግራም የሚመጣው ከፊት ጎማው ላይ ተነሥቶ ነው። በመሆኑም መሪው ይቀላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ክብደቱ ይበልጥ ወደ ኋላ ስለሚዞር የፊቱ ጎማ መሬቱን መያዝ ይሳነዋል። ያንኑ ጆንያ ለሁለት ከፍሎ ግራና ቀኝ፣ ዝቅ አድርጎና ከጎማው መካከል ወደ ፊት አስጠግቶ ማሰር ከኪስ የሚያስወጣው ነገር የለም። በቅሎ የሚጭን ገበሬ ይህን ሕግ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ጭነቱን በሁለት ወገን አመጣጥኖ እንጂ በበቅሎዋ ጭራ ላይ አያስርም።

ሦስተኛው ነዳጅ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን በክብደት 740 ግራም ያህል ስለሆነ 30 ሊትር ታንክ ሲሞላ ነዳጁ ብቻውን 22 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የዳካሩ ተወዳዳሪ ይህን የሚሸከመው በጉልበቱ መካከል፣ ከክብደቱ መሐል አጠገብ ነው። በኋላው ብረት ላይ በጀሪካን የታሰረ ቤንዚን ግን ከላይ የተጠቀሰውን ጉዳት ያስከትላል፤ ሲወድቅም የሚፈስሰው ወደ ጋለው ማርሚታ ነው። ለዚህ ማሻሻያ የሚከፈለው ዋጋ እሳት ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ከአገሩ ከፍታ የተነሣ የሚመጣ ነው። የአየሩ እፍጋት በ1,200 ሜትር ላይ በባሕር ጠለል ካለው 89 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በ3,000 ሜትር ላይ 74 በመቶ ብቻ ነው። በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር በዚህ ልዩነት ምክንያት ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለው ነዳጅ 10 በመቶ ያህል ይበዛበታል። ሞተሩ ይታፈናል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ የደጋው ሰው ነዳጁ የሚያልፍበትን ጅግለር በጠባብ ይለውጣል፤ ወይም መርፌውን ዝቅ ያደርጋል፤ ሞተሩም ወዲያው ይነቃል። አደጋው የሚመጣው በመልስ ጉዞ ነው። ከወልቂጤ አልፎ ከፍታው ከ1,200 ሜትር በታች ወደ ሆነው ወደ ግቤ ሸለቆ በሙቀት የወረደ እንደ ሆነ፣ ለደጋ የተጠበበው ነዳጅ ለቆላው አየር ያንሳል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅሎ በሚሠራው ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ደግሞ ነዳጅ ሲያንስ ዘይትም አብሮ ስለሚያንስ ፒስቶኑ ሊነክስ ይችላል። የደጋውን ጅግለር የሚያስገባ ሰው የቆላውን በኪሱ ይዞ መሄድ ይገባዋል ማለት ነው።

አምስተኛው የብየዳው ጉዳይ ሲሆን ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። የሞተር ሳይክል አጥንት የሚሠራው ከስስ የብረት ቱቦ ነው። በላዩ ላይ ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በእሳቱ ጠባዩ ይለወጣል። ንዝረቱና ጉድጓዱ በየቀኑ ሲደበድበው ስንጥቁ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። በያጁ ይህን አይቶ ብረቱን ቢያወፍረው ስንጥቁ አይጠፋም፤ ብረቱ ከወፈረበት ወደ ቀጠነበት ይሸጋገራል እንጂ። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ የጭነቱን ብረት ፋብሪካው ባዘጋጃቸው የብሎን ቀዳዳዎች ላይ ማሰር፣ ቀዳዳ በሌለበትም ጎማ ጣል አድርጎ በብሎን በሚጠብቅ ቀለበት መያዝ ነው። መበየድ ግድ በሆነ ጊዜም ባትሪውንና የኤሌክትሪኩን ክፍል ማላቀቅ፣ የብየዳ ማሽኑንም መሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ማሰር ያስፈልጋል።

ከሞተሩ ሥር የሚገጠመው ላሜራም እንዲሁ ከድንጋይ ይከላከላል፤ ነገር ግን ጭቃ ይሰበስባል፤ ለማቀዝቀዣ የሚነፍሰውንም አየር ይጋርዳል። ስለዚህ ቀዳዳዎች ሊኖሩት፣ ዘይቱም ሳይፈታ ሊቀየር የሚችል መሆን ይገባዋል።

ሠ. በሚዛኑ ላይ ያለው ነገር

ይህ ሁሉ ሒሳብ የአንድ ጆንያና የአንድ ሞተር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበትን ማረፊያ ከፈተ። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት በሆስፒታሉ የወለዱ ከ24,000 በላይ እናቶች መዝገብ ተመርምሮ እንደ ታተመው፣ በማረፊያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር ሲሰላ 90 ያህል ሲሆኑ፣ ሳይቆዩ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። ሳይቆዩ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ስለሆነ ልዩነቱ ሁሉ የመንገድ ነው ማለት አይቻልም፤ የመንገዱን ድርሻ መካድም አይቻልም። በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ የጀመረ ቤተሰብ የእያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ዋጋ ያውቀዋል።

ሞተር ሳይክልን ለዚህ ተግባር ማሻሻል ከንቱ ምኞት እንዳልሆነ የማላዊ ልምድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 በማንጎቺ አውራጃ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ተመድበው የተሞከሩት የሞተር ሳይክል አምቡላንሶች ወላዶችን ወደ ሆስፒታል ለማድረስ ይባክን የነበረውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ቀንሰዋል፤ የአንዱ መግዣም ከመኪና አምቡላንስ መግዣ 19 ጊዜ ያነሰ ነበር። ነገር ግን ሕመምተኛ የሚጭን ሞተር ሳይክል በዓይን ልክ የሚበየድ ሊሆን አይችልም። ጆንያ የጫነው ብረት ሲሰበር በርበሬ ይደፋል፤ ወላድ የጫነው ሲሰበር የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም።

የመሐንዲሱ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። በያጁን ከሥራው መከልከል ጥቅም የለውም፤ መንገዱ እስኪስተካከል ድረስ ማሻሻያው ይቀጥላልና። የሚያስፈልገው በእጁ ያለውን እውቀት በወረቀት ማስፈር ነው። በብዛት ለሚነዱት ጥቂት ዓይነት ሞተር ሳይክሎች በልክ የተነደፈና በብሎን የሚታሰር የጭነት ብረት ሥዕል ማዘጋጀት፣ የሚሸከመውን ልክ በብረቱ ላይ በቁጥር መቅረጽ፣ ለደጋና ለቆላ የሚስማማውን ጅግለር በሠንጠረዥ ማውጣት፣ የተሰበሩትንም ብረቶች ሰብስቦ የተሰበሩበትን ምክንያት መመርመር ይቻላል። ጉብሬ ላይ የሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲና በየከተማው ያሉት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ይህን ሥራ ከበያጆቹ ጋር ጎን ለጎን ሆነው ሊሠሩት የሚችሉት ነው። ወጪው ጥቂት ብረትና የጥቂት ወራት ድካም ነው።

በመጨረሻ የማይመዘን አንድ ዋጋ አለ። ለጭቃ ተብሎ የሚገባው ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ በክረምት ጀፎረ ላይ ሲያልፍ ሣሩን ከሥሩ ይገለብጠዋል። በዚያ ቦይ ውኃ ይወርድበታል፤ ለትውልድ ተጠብቆ የኖረው ሜዳም ይቦረቦራል። ከዚህ የሚገኘው ጥቅም የነጂው ሲሆን ጉዳቱ የመንደሩ ነው። የጉራጌ አባቶች የጋራው መንገድ እንዳይነካ ሕግ ሲያወጡ የጠየቁት ጥያቄ ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይከፍላል የሚል ነበር። ዛሬ ከበያጁ ጎን የሚቆመው መሐንዲስም ብረት ከመቁረጡ በፊት ይህንኑ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል።